በሌለው ግራር ሥር፦ መካነ ሰላም ደርሶ መልስ

አዳማ ላይ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ለአዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን የምለው አንድ ነገር ነው፦ «ፊትህ ያለውን እይ!» ሌላው ሁሉ በኋላ ይመጣል። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ የመካነ ሰላም ጉዞዬን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው እንዲስቅብኝ ነው። እኔ ግን ይህን ስጽፍም ንዴቴ ገና አልበረደም።

የላከችኝ እናቴ ናት። እናቴ ዘምዘም መካነ ሰላም ውስጥ ልጆችን ቁርኣን ያስቀሩ የነበሩት የሼህ ይማም ልጅ ናት። በወጣትነቷ ከአባቴ ጋር፣ ማለትም ከአንድ ክርስቲያን የጭነት መኪና ረዳት ጋር ኮበለለች። ከዚያ በኋላ አያቴ ከእሷ ጋር አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ሞቱ። ያኔ ከአገር ቤት የመጣ ሰው «አባትሽ ተቆጥተው ያንቺ የሆነውን ሁሉ ከቤት አወጡት፤ ያቺን ድንጋይሽን እንኳ አፍርሰው በተኗት» ብሎ ነግሯት ነበር። ድንጋይዋ አያቴ በልጅነቷ ለእሷ ብለው በገዛ እጃቸው ያስቀመጧት ናት። ዘንድሮ ጉልበቷ እምቢ ብሎ ከቤት መውጣት ስታቆም፣ እናቴ ሌላ ወሬ ጠፋባት። ድንጋይዋ ካለች አባቷ አልጣሏትም፤ ከሌለች ጥለዋታል። ሄጄ አይቼ «አለች» ወይም «የለችም» እንድላት ብቻ ነው የፈለገችው።

«ምን ትመስላለች?» አልኳት።

«ስታያት ታውቃታለህ።»

«እማዬ፣ አገሩ እኮ በሙሉ ድንጋይ ነው። ጽሑፍ አለባት? ተቀርጻለች?»

«ስታያት ታውቃታለህ አልኩህ እኮ!»

በዚህ ተሸኘሁ። በዚያ ላይ ለልጅነት ጓደኛዋ ለከድጃ «በሕይወት ካለች» ብላ ጋቢ፣ ስኳር፣ በርበሬና ምን የመሰለ ከባድ ብርድ ልብስ አንድ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቀችልኝ። ብርድ ልብስ ለወሎ ደጋ መላክ ዓሣ ለሐይቅ እንደመላክ ነው ብላት ማን ሰምቶኝ።

ረቡዕ ከአዳማ ተነሥቼ ደሴ አደርኩ። ስለ አውቶቡሱ የምለው የለኝም፤ ሾፌሩ መስተዋቱን እያየ የሚነዳ ሰው ነበር፣ እግዜር ይስጠው። ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ «ሙቅ ውሃ አለ» አለችኝ። ቧንቧውን ከፍቼ ብጠብቅ ብጠብቅ አልሞቀም። ወርጄ ስነግራት ከልቧ አዝና አንድ ጀበና የሚያህል ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ አፍልታ ይዛልኝ መጣች። አዳማ ውስጥ የሞቀ ውሃ የምንፈልግ ሰዎች አይደለንም፤ ውሃው ራሱ ሞቆ ነው የሚመጣው። ያን ሌሊት ሹራቤን ከነኮቴ ለብሼ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ «ሞልቷል፣ ሞልቷል! መካነ ሰላም!» እያለ ይጮኻል። ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ እኔና አንዲት ቅርጫት የታቀፈች ሴት ብቻ ነን። ሲሞላ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። ሲሞላ ስል ደግሞ የአዳማው አሞላል አይደለም፤ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት፣ በሩ አጠገብ በርጩማ፣ ጣሪያው ላይ የእኔ ሻንጣ፣ ከሻንጣዬ በላይ የሰው ሁሉ ጆንያ።

ጉጉፍቱ ተራራ ላይ ብርዱ ሊገድለኝ ነበር። ከጉጉፍቱ አልፈን ቁልቁለት ስንጀምር ደግሞ ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን አውጥቶ በፍሪ ለቀቀው። እዚህ ላይ ዝም ማለት የሚችል የመንጃ አስተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።

«ወንድሜ፣ ማርሽ አስገባ!» አልኩ።

«አብሽር ጋሼ፣ መንገዱ ያውቀኛል።»

«መንገዱ ቢያውቅህም ፍሬኑ ያውቅሃል?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ማርሹ ግን አልገባም። ባለቅርጫቷ ሴት ፊቴ ሲገረጣ አይታ ድፎ ዳቦ ቆርሳ በግድ አስያዘችኝ፤ «ብላ ልጄ፣ ሆድ ሲሞላ ፍርሃት ይቀላል» አለች። አልበላም ማለት አይቻልም። ቁልቁለቱን በሙሉ ዳቦ እያኘክሁ ወረድኩ፤ እውነት ለመናገር ቀለል ብሎኛል።

አቀስታ ላይ የሰው ጆንያ ሲወርድ የሻንጣዬ እጀታ ተገንጥሎ አብሮ ወረደ። ረዳቱ በገመድ ጠፍሮ «በጀርባህ ታዝለዋለህ፣ እንዲያውም ይሻላል» አለኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር አላነሣም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሲያነጥረን ዋለና ወደ ማታ መካነ ሰላም ገባን።

ሆቴል የት እንዳለ ሰው ስጠይቅ «ከግራሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው» አለኝ። ሌላም ጠየቅሁ፤ «ግራሩን ታውቀዋለህ? ከሱ ከፍ ብሎ።» ዙሪያዬን ሳይ ከከተማው ጫፍ አንድ ግራር ታየኝ። ሻንጣዬን አዝዬ እዚያ ድረስ ወጣሁ። ከግራሩ ከፍ ብሎ ያለው የገብስ ማሳ ነው። ተመለስኩ። መሀል ከተማ ስደርስ ገመዱ ትከሻዬን በልቶኝ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ አንድ የሞባይል ሱቅ ግድግዳ ላይ የተጠጋ የድንጋይ ካብ አገኘሁና ጀርባዬን ሰጥቼ ሻንጣውን አሳረፍኩበት። እፎይ አልኩና ይህን ከተማ፣ ረዳቱን፣ ግራሩን፣ ጥቂትም እናቴን ረገምኩ። እርግማኔን ሳልጨርስ አንዲት ሴት ሙሉ ጀሪካን ውሃ አዝላ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ሲበቃህ ልቀቅልኝ» አለችኝ።

በዚህ አገር ለማረፍም ወረፋ አለ ማለት ነው! ሻንጣዬን አንሥቼ ለቀቅሁላት። እሷም እንደኔው ጀርባዋን ሰጥታ አሳረፈችና «ማንን ፈልገህ ነው?» አለች። ስለ ግራሩ ጠየቅኋት።

«ይኸው ነው ግራሩ» አለች፣ ባዶውን አደባባይ እያሳየች።

«የታለ?»

«ተቆርጧል።»

«መቼ?»

«ኧረ ድሮ! እኔም አልደረስኩበት።»

ሆቴሉ ከፊቴ ነበር። ባለቤቷ ወይዘሮ አልማዝ ደግና ፈጣን ሴት ናት። ሻንጣዬን ሳልፈታ ማን መሆኔን ሰምታለች፤ ከማን እንደሰማች እስከ ዛሬ አልገባኝም። ራት ጥብስ አዘዝኩ። ቆማ አየችኝ።

«የየትኛውን ሥጋ ነው የምትበላው?»

«የክርስቲያን ነዋ፤ ታደሰ እባላለሁ።»

«እሱስ ታደሰ ነህ። ግን የሼህ ይማም የልጅ ልጅ ነህ አሉ። የእኛን ሥጋ ባበላህ የሳቸው አጥንት ይወጋኛል።»

«እንግዲያው ከእስላም ሆቴል አስመጪልኝ።»

«ተጠምቀህ የለ? ይኼማ ነውር ነው።»

«ታዲያ ምን ልብላ?»

«ሽሮ» አለች በደስታ። ሽሮ በላሁ። በማግሥቱ ዓርብ ስለሆነ ያም ሽሮ ነው። አዳማ ላይ ማን እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ አስተናጋጅ የለም፤ ቶሎ ብላና ተነሥ ነው።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ሙሄ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የጥንቱን የከተማዋን መሀል ለእንግዳ እያዞሩ ማሳየት ይወዳሉ። አስጎብኚ የሚባል ወረቀት የላቸውም፤ ዣንጥላና ጥሩ ድምፅ አላቸው። ስለ ድንጋይዋ ስነግራቸው «አብሽር፣ እኔ የማላውቀው ድንጋይ እዚህ ከተማ የለም» አሉ። ከድጃስ ስላቸው ወረኢሉ ልጃቸው ዘንድ አራስ ጥየቃ ሄደዋል፣ ቅዳሜ ይመጣሉ አሉኝ።

ጉብኝቱን ከሌለው ግራር ጀመርነው። ዣንጥላቸውን የሞባይል ሱቁ ካብ ላይ ጋደም አደረጉና በሁለት እጃቸው የግንዱን ውፍረት ለኩልኝ። «ይህን ያህላል! ዳኛው እዚህ፣ ተሟጋቹ እዚህ፣ ፀሐይ የሚባል አይነካህም።» እኔን ግን ፀሐዩ ግንባሬን እየጠበሰኝ ነው። ከዚያ የመጀመሪያው ወፍጮ የነበረበት፤ የለም። የመጀመሪያው ፋኖስ የተሰቀለበት ግንድ፤ የለም። የመጀመሪያው መኪና መጥቶ ሰው በድንጋጤ የሸሸበት ቦታ፤ መኪናውም የሸሸውም የለም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ሁሉንም ከሥሩ ይጀምሩታል። እኔ ባየሁ ቁጥር የማየው ቆርቆሮና የሲም ካርድ ማስታወቂያ ነው።

በዚያ ላይ ሰላምታው! የወሎ ሰላምታ በአራተኛ ማርሽ አይሄድም። «እንደምን አደራችሁ? አማን ናችሁ? ልጆች አማን ናቸው? ከብቱ? ዝናቡ እንዴት ነው በናንተ በኩል?» ይኸ ሁሉ ትናንት ማታ ከተለያዩት ጎረቤት ጋር ነው። እኔን ደግሞ ለሁሉም «የሼህ ይማም የልጅ ልጅ» ብለው ያስተዋውቁኛል። ሽማግሌ ሁሉ እጄን ይዞ አይለቅም። ስለ ድንጋይዋ ስጠይቅ ሁሉም ያስብና «የተቀረጸች ድንጋይ? ኧረ እኔስ አላየሁም» ይላል።

ሁለት ነገር ግን ወድጃለሁ፤ ልዋሽ አልችልም። አንዱ በቅሎ ይታሰርበት የነበረ የብረት ቀለበት ነው፤ አሁን ባለሱቁ የስልክ ቻርጀሮች አንጠልጥሎበታል። ሁለተኛው የአንድ ክርስቲያንና የአንድ እስላም ቤት በሚጋሩት ግድግዳ ላይ ያለች፣ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ናት። ጠዋት ቀድሞ የነቃው ቤት ለሌላው ፍም የሚያቀብልባት ነበረች። ዛሬ በእሷ በኩል የቴሌቪዥን ገመድ አልፏል። «አሁን እሳት የለም፤ ዲሽ ነው የሚጋሩት» አሉ ጋሽ ሙሄ። እዚያ ቆሜ ትንሽ ንዴቴ ለቀቀኝ። ወዲያው አዛን አለና ጋሽ ሙሄ ለጁምዓ ጥለውኝ ሄዱ። «እዚሁ ጠብቀኝ፣ አሁን ነው የምመለሰው» ብለው ከሶላት በኋላ ስንቱን ሰላም ሲሉ ቆዩ። እኔ የዲሹ ቀዳዳ ሥር ቆሜ ጥላዬ ከአንዱ እግሬ ወደ ሌላው ሲዞር አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አደባባዩ መልሰው በሱቆቹ መሀል በጠባብ መተላለፊያ ይዘውኝ ወደ ኋላ ገቡ። «ይኸው የሼህ ይማም ቤት» አሉ። እዚህ ለይቶላቸው እንደሆነ እንጃ፣ እኔ የሚታየኝ የጥቅል ጎመን መደብ ነው። ቤቱ ፈርሶ ከቆየ ዕድሜው ነው። የጎመኑ ባለቤቶች ባልና ሚስት ጉዳዬን ሲሰሙ ሥራቸውን አቁመው ድንጋይ ፍለጋ ገቡ። ባልየው በዶማ፣ ሚስቲቱ በእጇ፣ ጎረቤት ተጨመረበት። እያንዳንዱን ድንጋይ አፈሩን ጠርገው «ይቺ ናት?» ይሉኛል። «ይቺስ?» «ይቺ እንኳ ደህና ትመስላለች።» የወፍጮ ሰባራ መጣልኝ፣ የምድጃ ጉልቻ መጣልኝ። አንዱማ ከኪሱ የሚገባ ጠጠር አመጣ። ስታያት ታውቃታለህ ተብያለሁ፤ አይቼ አይቼ አንዷንም አላወቅኋትም። ጎመናቸው ተረጋግጦ አለቀ።

ቀኑን ሙሉ የጠፋው ኔትወርክ ያን ጊዜ መጣና እናቴ ደወለች።

«አለች?»

«እየፈለግኩ ነው፣ እማዬ። ቤቱ ፈርሷል።»

«ቤቱን መች ጠየቅሁህ?»

«ገና እየፈለግን…»

«የለችም በለኛ» አለችና ዘጋችው።

ያን ጊዜ ተናደድኩ፣ ግን በማን እንደሆነ አላወቅሁም። አንዲት አሮጊት ስልኳን አስቀምጣ አባቷ እንደጣሏት ስታምን ከአዳማ ድረስ ታየችኝ። ከጋሽ ሙሄም አፍ እስከ ማታ ድረስ «ነበር» የምትለው ቃል አልወጣችም። ማታ ወይዘሮ አልማዝ ሽሮውን ያለ ጨው አቀረበችልኝ፤ ረስታለች። እኔም አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት እትዬ ከድጃ ከወረኢሉ መጡ ተባለ። ሻንጣውን አዝዬ ከጋሽ ሙሄ ጋር ሄድን። ትንሽ፣ ጎበጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ገና ከበሩ «ዘምዘምን! ቁርጥ ዘምዘምን!» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ብርድ ልብሱን ሲያዩ አለቀሱ። እናቴ ትክክል ነበረች፣ ይኸም ያናድዳል።

ወዲያው «ዶሮ ይታረድለት» አሉ። እኔ «እባክዎ እትዬ፣ ሥጋ ለእኔ ችግር ነው» ስል ሳቁብኝ። አጥር ለአጥር የሚኖሩትን ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠርተው አሳረዱልኝ፤ ወጡም በጎረቤት ድስት፣ በጎረቤት ምድጃ ተሠራ። ወይዘሮ አልማዝ ሁለት ቀን ያልፈታችውን እሳቸው በአንድ ጥሪ ፈቱት።

ስለ ድንጋይዋ ጠየቅኋቸው።

«ምን ብላ ነገረችህ?»

«‹አባቴ ያስቀመጧት ድንጋይ› ብቻ ነው ያለችኝ። የተቀረጸች መስላኝ ስንፈልግ ዋልን።»

«ምን ቅርጽ አላት! ስማኝ የኔ ዓለም። እኔና እናትህ ከምንጭ ውሃ እንቀዳ ነበር። እንስራ አዝለህ ታውቃለህ? መሸከሙ አይደለም ጭንቁ፤ ብቻህን ማውረዱ ነው። አንድ ቀን ደጃቸው ላይ ስታወርድ አመለጣትና ተሰበረ። ሼሁ ይመቱኛል ብላ እኛ ቤት ተደበቀች። እሳቸው ምንም አላሉ። በማግሥቱ ድንጋይ አሰባስበው፣ ያን ቁርኣን እንጂ ሌላ የማይነካ እጃቸውን አቁስለው፣ ግድግዳው ሥር ካብ ካቡ። እሷን በጀርባዋ አስደግፈው ለኩባት። ጎንበስ ሳትል እንድታወርድ ነው።»

ወገቤ ላይ አንድ ነገር ተሰማኝ። ጋሽ ሙሄን አየኋቸው፤ እሳቸውም ዣንጥላቸውን አዩ።

«ከኮበለለች በኋላስ?» አልኩ።

«አዎ፣ ተቆጡ። ወላሂ አልዋሽህም። ልብሷን አውጥተው ለሚስኪን ሰጡ፤ ስሟም ከአፋቸው ጠፋ። በኋላ አጥሩ ሲታደስ ግንበኛው ያን ካብ አፍርሶ ድንጋዩን አጥሩ ውስጥ ሊያስገባው ሲል እኔ ቆሜያለሁ። ‹ተዋት› አሉት። ‹ለምን?› ቢላቸው ‹ልጅቱ የመጣች እንደሆነ የት ታወርዳለች?› አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይነካታል። ቤቱ ፈረሰ፣ ደጁ ላይ ሱቅ ተሠራ፣ እሷ አለች። የከተማው ሴት ሁሉ ይጠቀምባታል።»

«እኔ እኮ ድሮም ያለች ነገር መስሎኝ!» አሉ ጋሽ ሙሄ። እሳቸው የሚያውቁት የጠፋውን ነው፤ ያልጠፋውን ማን ይተርከዋል?

ሦስታችንም ተያይዘን ወረድን። ካቡ ላይ አንዲት ሴት የእህል ከረጢት አሳርፋ ቆማለች። ወረፋ ጠበቅን። ስትለቅልን ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ፤ ሐሙስ ማታ ሻንጣዬን ባሳረፍኩበት ቦታ፣ ያንኑ ያህል። እትዬ ከድጃ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ የሞባይል ሱቁ ባለቤት ስልኩ ተበላሸበት ብሎ ነው መሰለኝ «ስልክህን አምጣ፣ እንየው» አለኝ።

እሑድ ተነሣሁ። የመልሱ ሾፌር ማርሽ ያስገባ ነበር፤ ስለዚህ የምጽፈው የለኝም። ለእናቴ በስልክ አልነገርኳትም፤ እንዲህ ያለው ነገር ኔትወርክ ሊቆርጠው አይገባም። አዳማ ስደርስ በሩ ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ሰላምም አላለችኝ።

«የለችም አይደል?»

«አለች።»

እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከድጃ የነገሩኝን ሁሉ ነገርኳት፤ አጥሩን፣ ግንበኛውን፣ «የት ታወርዳለች?» ያሉትን። እዚያ ስደርስ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ከነጠላው ሥር ሆና ጠየቀችኝ።

«ሻንጣውን አውርደህባታል?»

«የደረስኩ ዕለት ማታ፣ ሳላውቃት።»

«ጎንበስ አልክ?»

«አላልኩም። በልክ ናት።»

«በእኔ ልክ ናታ» አለች። ነጠላውን ከፊቷ አወረደችና ተቆጥታ አየችኝ። «ታዲያ በዚያው ማታ እንዴት አላወቅካትም? ስታያት ታውቃታለህ ብዬህ አልነበር?»